ኮት ገልባጩና እኔ የሰቀልኩት ቁልፍ

እሱን ሳስብ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ምላጩ ነው። ግማሽ ምላጭ፣ አንደኛው ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በጨርቅ የተጠቀለለ። በሱ የኮት ስፌት ሲፈታ ጨርቁን የነካው አይመስልም ነበር። ዛሬ ኮት የሚያስገለብጥ የለም፤ ያረጀ ይጣላል። ያኔ ሰው አንድ ኮት ገዝቶ ዕድሜውን ሙሉ ይለብስ ነበር። ፊቱ ሲነጣ፣ ክርኑ ሲሳሳ ለገልባጭ ይሰጣል። ገልባጩ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና ይሰፋዋል። ፀሐይ ያላየው ወገን አዲስ ሆኖ ይወጣል። የሚያሳብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግራ የነበረው የደረት ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። መንገድ ላይ ኪሱ በቀኝ የሆነ ሰው ስናይ፣ "ይሄ የኛ ግቢ ደንበኛ ነው" እንባባል ነበር።

በስሙ የሚጠራው አልነበረም። "ገልባጩ" ነው። ባሌ አውቶቡስ ነጂ ነበርና አንድ ቀን ሊያሾፍበት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ስምህን ቀይር። አንድ ቀን መንግሥት ገልባጭ መስለሃቸው ትታሰራለህ" አለው።

"አንተ አውቶቡስ ገልብጠህ ማን አሰረህ?" አለው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

ባሌ በዚያው ዓመት አውቶቡሱን ቦይ ውስጥ ከትቶት ነበርና ግቢው በሳቅ አለቀ። ገልባጩ ግን አልሳቀም። እንዲህ ነበር፤ ሰውን አስቆ እሱ ሥራውን ይቀጥላል።

ግቢያችን ጠባብ ነበር። አምስት ክፍል እንደ ባቡር ፉርጎ በአንድ ጣሪያ ሥር ተያይዞ፣ ከፊቱ የሲሚንቶ መተላለፊያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቧንቧ። ሦስት ቁጥር የኛ ነው፤ አራት ቁጥር የሱና የእህቱ። እሱ "እታለም" ስለሚላት እኛም እታለም እንላት ነበር። በዕድሜ ትበልጠዋለች። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። አያይም ስል እንዳታዝኑላት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሷ በላይ የሚያይ አልነበረም። ከአልጋዋ እስከ ካውያው፣ ከካውያው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው እርምጃዋን ታውቀዋለች። የኮቶቹን አዝራር የምትተክለው እሷ ናት። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ልጆቼ መተላለፊያው ላይ ጫማ ጥለው እንደሆነ በእግሯ ዳብሳ ቆም ትልና፣ "ይሄን ያስቀመጠው ዓይን ያለው ሰው መሆን አለበት" ትላለች። ከግቢው በር ውጭ ግን አንድ ጋት አትሄድም። "እዚያ ዕውር ነኝ" ትል ነበር።

የግቢው ባለቤት እማማ የምንላት ሴትዮ ነበረች፤ መግቢያው አጠገብ ያለው ቤት የሷ ነው። አንድ ጊዜ አምስት ቁጥር ያለችው አስታማሚ ምድጃዋን ሳታጠፋ ሥራ ሄዳ፣ ግቢው ለትንሽ ተረፈ። በር ተሰብሮ ነው እሳቱ የጠፋው። ከዚያ ወዲህ እማማ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ጣውላ አስመታች፤ ጣውላው ላይ አምስት ሚስማር። ከግቢ የሚወጣ ሁሉ ቁልፉን እዚያ ይሰቅላል። ዝናብ ቢመጣ የተሰጣ ልብስ የሚያስገባ፣ እሳት ቢነሣ የሚደርስ አይጠፋም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲያ ኖርን። የማንም ማንኪያ አልጠፋም። እጄ ስወጣ ሳላዝዘው ይሰቅላል፣ ስገባ ሳላዝዘው ያወርዳል።

እማማ ስትሞት ቤቱ ለልጇ ደረሰ። ልጇ ሩቅ ስለነበረች ባሏ መጣ። እኛ አማችየው እንለዋለን። ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። በየክፍሉ እየገባ ሰላም አለን። እሱ ሰላም ሲል ዓይኑ ግን ግድግዳችንን ይለካ ነበር። እታለም እጁን ጨብጣው ከወጣ በኋላ ወደኔ ዞረች።

"እየሳቀ ነበር አይደል?"

"አዎ፣ ደስ የሚል ሰው ነው" አልኳት።

"ውኃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለች፣ ወደ አዝራሯም ተመለሰች።

በዚያው ዓመት የኪራይ ሕግ ወጣ። በኪራይ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰው እየተጋፋ ያነበዋል። ገልባጩ ልብስ በሚቀድበት ቡናማ ወረቀት ላይ ሙሉውን ገልብጦት መጣና ልብስ ስናጥብ ቆሞ አነበበልን። ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ በነባር ተከራይ ላይ ኪራይ አይጨመርም። ተከራይ ካላጠፋ ውጣ አይባልም። ጣሪያ ቢያፈስ፣ ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ውኃ ቢቋረጥ ማስጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገምነው። እንደዚያ ያለ ቃል በሕይወታችን ሰምተን አናውቅም ነበርና። መጨረሻ ላይ፣ ተከራይ ራሱ ወይም ወኪሉ ቁልፍ አስረክቦ የለቀቀውን ክፍል አከራዩ ለፈለገው ሰው በፈለገው ዋጋ ያከራያል ይላል።

"ምን ያለው እብድ ነው በዚህ ዘመን ቁልፍ የሚያስረክብ!" አለች አስታማሚዋ። ሁላችንም ሳቅን። ስንስቅ አማችየው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ነበር። እሱም አብሮን ሳቀ።

በሳምንቱ የእማማን ጣውላ አውርዶ ቀለም ቀባው። ከየሚስማሩ በላይ በጥሩ ጽሕፈት ቁጥር ጻፈ። "የእማማ ሥርዓት እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አለን። መረቅነው። እኔ ራሴ፣ "እንዲህ ያለ አማች ይስጥ" ብዬ መርቄዋለሁ።

ያፈስ የነበረው የአራት ቁጥር ጣሪያ ነው። ገልባጩ ሕጉን ተማምኖ አቤት አለ፤ ጽሕፈት ቤቱም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲጠገን አዘዘ። እኛ አማችየው ይቆጣል ስንል እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ "እጠግናለሁ እንጂ፣ ሕግ አይደል!" አለ። በማግሥቱ ሁለት ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ወጡና አራት ቆርቆሮ ነቅለው አወረዱ። አዲሱ ነገ ይመጣል ተባለ። ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ገልባጩ የስፌት መኪናውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አልጋቸውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ሳፋ ደርድሮ ይሠራል። በክፍላቸው መሐል ሰማይ ይታያል። እታለም ሰማዩን አታየውም፤ ነፋሱ ግን ፊቷ ላይ ሲመጣ፣ "በር ሳይከፈት ከየት ነው የሚገባው?" ትል ነበር፣ የምታውቀውን እየጠየቀች።

በሰባተኛው ቀን ገልባጩ አማችየውን መግቢያው ላይ አገኘው።

"ጌታው፣ ቆርቆሮው የት ደረሰ?"

"መንገድ ላይ ነው፣ ጋሼ።"

"ያለፈው ሳምንትም መንገድ ላይ ነበር። በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?"

"አይ ጋሼ፣ ጨዋታህ። ካስቸገረህ እስኪጠገን ሌላ ቦታ አረፍ ብትልስ? ለእህትህም ይሻላል።"

"እኔ ከዚህ ክፍል የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው።"

አማችየው ፈገግ አለ። "ምን አስቸኮለህ?" አለው።

ሳፋ አጥብ ነበርና ሰማሁት። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እታለም ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ገልባጩ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባሌ ታክሲ ጠርቶለት ሆስፒታል ወሰዳት። ሳንባዋን ነው፣ ትተኛለች ተባለ። ከሰዓት በኋላ ለአፍታ መጥቶ የክፍሉን ቁልፍ ለኔ ሰጠኝ።

"ሳፋውን ድፊልኝ። መኪናዬን ውኃ እንዳይነካት እይልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም" አለኝ።

"አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ" አልኩት።

አለሁ ያልኩትን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየገባሁ ሳፋውን ደፋሁ። መኪናዋንም በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ለእታለም የታጠበ የሌሊት ልብስና ትኩስ ሻይ ይዤ ልጠይቃት ወጣሁ። ሁለት ቁልፍ በእጄ ነበር፤ የኔና የነሱ። መግቢያው ላይ ስደርስ ሁለቱንም በየሚስማራቸው ሰቀልኩ፤ ሦስት ቁጥርን ሦስት ላይ፣ አራት ቁጥርን አራት ላይ። አላሰብኩበትም። ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ምን እያሰብኩ ነበር እያልኩ ፈልጌዋለሁ፤ ምንም። እጄ ነው የሰቀለው። እግሬ የግቢውን በር ሲያልፍ ያስጨነቀኝ ሻዩ እንዳይፈስ ነበር።

ሆስፒታል እታለም ተሽሏት ቀና ብላ ተቀምጣለች። "ይሄ ክፍል ጫፍ የለውም፤ ወዴት ብዘረጋ እጄ ሰው ነው የሚነካው። መቼ ነው ወደ ቤቴ የምትመልሱኝ?" አለችኝ።

"ነገ ከነገ ወዲያ" አልኳት።

ስመለስ የኔ ቁልፍ በቦታው አለ። አራት ላይ ምንም የለም። ገልባጩ በሌላ መንገድ ቀድሞኝ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ውስጥ ስዘልቅ የአራት ቁጥር በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዕቃቸው መተላለፊያው ላይ ነው። አንድም የተሰበረ የለም። ልብሱ ታጥፏል፣ ኮቶቹ በየመስቀያቸው ናቸው፣ መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍናለች፣ መርፌዎቹ ሳይቀሩ በቆርቆሮ ሣጥናቸው ናቸው። እኔን ያስፈራኝ ያ ጥንቃቄው ነው። ተናዶ ቢወረውረው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አማችየው ከቤቱ ወጣ። "ገልባጩ ለቀቀ" አለኝ።

"ማን ነው የለቀቀው! እህቱን እያስታመመ ነው። ቁልፉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። በመስኮት አይቼሻለሁ። ሰዓቱን ጭምር ጽፌዋለሁ።" ወረቀቱን አሳየኝ። የአራት ቁጥር ቁልፍ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ከወኪላቸው ተረከብኩ ይላል። ከታች ሁለት ምስክር ፈርመዋል፤ ቆርቆሮውን የነቀሉት ሠራተኞች ናቸው።

ለገልባጩ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። እያለቀስኩ ስነግረው፣ "ለእታለም እንዳትነግሪያት፤ መጀመሪያ ትዳን" አለኝ። ቢሰድበኝ እወድ ነበር።

ለጽሕፈት ቤቱ አቤት አለ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ያየሁትን ከተናገርኩ ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እውነት ይዤ ምን ያስፈራኛል? ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም።

"ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ለማስረከብ ግን አይደለም፣ ልማድ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልማድ!"

"ጣውላው የማን ነው?"

"የእማማ ነበር። አሁን የሱ ነው።"

"ቁልፉን ሰርቀሽ ነው ወይስ ሰው ሰጥቶሽ?"

"እኔ ልስረቅ? ጋሼ ነው በእጁ የሰጠኝ። አምኖኝ!"

ኃላፊው መነጽሩን አወረደ። "እንግዲያው ወኪሉ ነሽ ማለት ነው" አለ፣ ጻፈውም። አማችየው በትሕትና አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እኔ በአምስት ቃል፣ በእውነተኛ ቃል፣ የሰውየውን ቤት ሸጥኩት። ሌባ ነኝ ብል ይሻል ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት አስቤያለሁ።

እታለም ከሆስፒታል ስትወጣ እኛ ክፍል ገቡ። አራት ልጆች፣ እኔና ባሌ፣ ሁለቱ ደግሞ ከነመኪናቸው። ክፍላችን ከነሱ ጋር ልኩ አንድ ነው፤ ግን በሩ በሌላው ወገን ነው። እታለም ወደ በሩ እሄዳለሁ ብላ ግድግዳ ትመታለች፤ ከግድግዳው ወዲያ የራሷ ክፍል ነው። መዳፏን ለጥፋ ትቆማለች። ከወዲያ በኩል መዶሻ መሰማት ሲጀምር፣ "ቆርቆሮው መጣ መሰለኝ" አለች። በወሩ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል አግኝተው ሄዱ። የማታውቀው ግቢ፣ ጭቃማ፣ ቧንቧው ከበሩ ውጭ። ከዚያ ወዲህ እታለም ከአልጋዋ እስከ በሩ ብቻ ነበር የምትሄደው።

ገልባጩ ግን ይግባኝ ብሎ ነበር። በየቀጠሮው ሁለት አውቶቡስ ይዞ ይመጣል፤ ራሱ የገለበጠውን ኮት ለብሶ፣ ቡናማ ወረቀቱን አጥፎ ይዞ። አምስት ወር ፈጀ። በመሐሉ አስታማሚዋ ከአምስት ቁጥር ወጣች፣ አንድና ሁለት ቁጥርም ካሣ ተቀብለው ሄዱ፤ ክፍሎቻቸውም የዕቃ መጋዘን ሆኑ። የይግባኙ ዳኛ ወጣት ሴት ነበረች። አራት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ በሦስተኛው ገብቷታል። ጎረቤት በልማድ የሰቀለው ቁልፍ የለቀቀ አያሰኝም፤ ክፍሉ በነባሩ ኪራይ ይመለስለት ብላ ፈረደች። ባሌ ገልባጩን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

አማችየው ተነሥቶ፣ "ክብርት ዳኛ፣ መመለሱን በደስታ እመልስ ነበር" አለ። "ግን አራትና አምስት ቁጥር ፈርሰው አንድ ሱቅ ሆነዋል። ያን ጊዜ የከለከለኝ ትእዛዝ አልነበረም።"

እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ዳኛዋ ፍርዱ ላይ ጨመረችበት፤ እንግዲያውስ በዚያ ግቢ መጀመሪያ የሚለቀቀው መኖሪያ ክፍል፣ በነባሩ ኪራይ፣ ለከሳሹ ይሁን። ለሌላ ለማንም አይከራይም፣ ለሌላ ሥራም አይውልም።

ደጅ ስንወጣ አማችየው እኔን ፈልጎ መጣ። "የቀረችው ሦስት ቁጥር ብቻ ናት" አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "ያስወጣሻቸው አንቺ ነሽ፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ማስገባትም ትችያለሽ።"

ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ለባሌ ሳልነግር ወደ ከተማው ዳር ሄድኩ። ገልባጩ በር ላይ ተቀምጦ ስፌት ይፈታል። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ተኝታለች።

"ጋሼ፣ ክፍሉን ውሰዱት። እኛ ሌላ እንፈልጋለን" አልኩት።

ምላጩን አስቀመጠ። "አራት ልጅ ይዘሽ የት ትገቢያለሽ?"

"እሱን ለኔ ተወው። ዕዳዬ ነው።"

"ሞኝ። አንቺ ስትወጪ እኔ እስክደርስ ግድግዳው ይጠብቀኛል ብለሽ ነው? ቁልፉን እንደተቀበለሽ ማታውኑ ያፈርሰዋል። ከዚያ አምስት ወር ስከስሰው አንቺም እኔም ደጅ ነን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። ፍርዱን ደግመሽ አስቢው። አንቺን በግድ ላስወጣ ቢል ጽሕፈት ቤት መቅረብ አለበት፤ እዚያ ፍርዱ ይወጣል፣ ክፍሉም የኔ ይሆናል፣ በድሮው ኪራይ። ምን ይጠቅመዋል? ፍርዱ በስሜ ነውና እኔ እስካለሁ አይነካሽም። አትውጪ። ወረቀቱን እኔ ይዤልሻለሁ፤ አንቺ ክፍሉን ያዢ።"

"እናንተስ?"

"እኛማ አለን" አለ፣ ወደ እህቱ ሳያይ።

እታለም ከአልጋዋ፣ "ማን ናት? ቀረብ በይ እስኪ፣ አንቺ መቼም ዓይን አለሽ፤ ይሄ ሰውዬ ከስቷል አይደል?" አለችኝ። ከስቶ ነበር። አልከሳም አልኳት።

እንዳለውም ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ማንም አልነካንም። አማችየው ጣሪያችንን በየዓመቱ ያስጠግናል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ያነሣል፣ ሁልጊዜም፣ "ጋሼ ደኅና ነው? ጤናው እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ሌላ ሰው ቢሰማው ፍቅር ይመስለዋል። እኔ "ደኅና ነው" በማለት እመልሳለሁ፤ ሲያስለው ሰምቼ በመጣሁበት ቀን እንኳ፣ "ብረት ሆኗል" አልኩት። እታለም በአራተኛው ዓመት ሞተች። ገልባጩ ከዚያ በኋላ ኮት አልያዘም፤ የሚያስገለብጥም አልተገኘ። አዝራር ይተክል ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ አልጠየቅሁትም።

ሞቱን ያረዳኝ ዘመድ አይደለም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። አማችየው ነው፣ ጥቁር ክራቫት አሥሮ። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

"ገልባጩ ትናንት ዐረፈ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝ።

የበሩን መቃን ያዝኩ። እሱ አልሄደም። አንገቱን ትንሽ አዘንብሎ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ክፍሌ ውስጥ አየ፤ ወደ አልጋው፣ ወደ መስኮቱ፣ ከሱቁ ጋር ወደሚያዋስነን ግድግዳ። ፈገግ አለ።